ግብር የሚከፍልና ግብር የሚበላ

ግብር የሚለው ቃል በቋንቋችን ሦስት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ገባር ለመንግሥት የሚያገባው ገንዘብ ወይም እህል ነው። ሁለተኛው ንጉሥ ወይም መኰንን አዳራሹን ከፍቶ ለሠራዊቱና ለእንግዳው የሚያበላው ግብዣ ነው፤ «ግብር አበላ»፥ «ግብር ገባ» እንላለንና። ሦስተኛው የሰው ሥራና ጠባይ ነው፤ «ግብረ ገብ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ነገር ባሰብሁ ቍጥር ሦስቱ ትርጓሜዎች ተያይዘው ይመጡብኛል። ከፋዩ ማን ነው? ከማዕዱ የሚቀመጠው ማን ነው? የተቀመጠውስ በምን ጠባይ ተቀመጠ?

እኔ የምኖረው በአሜሪካ፥ ከዋሽንግተን አጠገብ፥ በሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚያ ከተቀመጥሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚያ አካባቢ ሦስት መስተዳድሮች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። በአንድ ወገን ሜሪላንድ፥ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ፥ በመካከላቸውም ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ የተባለው የዋና ከተማው ምድር አለ። ወገኖቻችን በሦስቱም ውስጥ በብዛት ይኖራሉ፤ ሰው በአንደኛው ያድራል፥ በሁለተኛው ይሠራል፥ በሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ድንበሩም አንዳንዱ ስፍራ ወንዝ፥ አንዳንዱ ስፍራ ተራ መንገድ ነው። ኢስተርን አቬኑ የተባለውን መንገድ የተሻገረ ሰው አስፋልቱ ሳይለወጥ ሕጉና ግብሩ ይለወጥበታል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የአጎቴ ልጅ በቨርጂኒያ፥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ይኖራል፤ ታክሲ ነጂ ነበረ። በየዓመቱ የገቢ ግብር ማስታወቂያ የምናቀርብበት ጊዜ ሲደርስ ቡና ላይ ተቀምጠን መከራከር ልማዳችን ነበር። እርሱ እንዲህ ይለኛል፦ «በእኛ ግዛት ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶው 5.75 ነው። በናንተ ግን ግዛቱ 4.75 ሲወስድ አውራጃው ደግሞ ከ3 በላይ ይጨምርበታል፤ ድምሩ ወደ 8 ይጠጋል። በዓመት 50,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ወንዙን ቢሻገር ከ1,000 ዶላር በላይ ይተርፈዋል። ደግሞ በአሜሪካ ካሉት ግዛቶች መካከል የሟች ሀብት ግብርና የወራሽ ግብር ሁለቱንም የምታስከፍል ሜሪላንድ ብቻ ናት። የናንተ አገር ሙቱን እንኳ ሁለት ጊዜ ያስገብራል!»

እኔም እመልስለታለሁ፦ «የናንተ አገር ደግሞ የቆመውን መኪና በየዓመቱ ያስገብራል።» ይኸውም እውነት ነው። በቨርጂኒያ ከተሞቹና አውራጃዎቹ በመኪና ዋጋ ላይ በየዓመቱ ግብር ያስከፍላሉ፤ በሜሪላንድ ግን እንዲህ ያለ ዓመታዊ ግብር የለም። ይህ ግብር ከመጠላቱ የተነሣ ጂም ጊልሞር የተባሉት ሰው በ1997 «አጠፋዋለሁ» ብለው ተወዳድረው አገረ ገዥ ሆኑ። በ1998 የሚያቃልል ሕግ ወጣ፤ ዳሩ ግን ግብሩ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ሕዝብ ከጠላውም በኋላ ያልጠፋበት ምክንያት ትምህርት ቤቱና ፖሊሱ የሚተዳደሩበት ገንዘብ ከዚያ የሚመጣ ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ስንባባል ቡናው በረካ ይደርሳል፤ ክርክሩም ለከርሞ ይተላለፋል።

በ2016 ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ዘመን የታክሲ ሥራ ቀንሶ የአጎቴ ልጅ ገቢ እጅግ አንሶ ነበር፤ በዚያ ላይ የሐሞት ጠጠር ታመመና ሆዱን ተቀደደ። ሜዲኬድ የሚባለው የድኾች የሕክምና መድን አለ። በ2010 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ይህ መድን ልጅ ለሌላቸው ድኻ ጎልማሶች ጭምር እንዲሰፋ ተፈቅዶ ነበር፤ ሜሪላንድ በጥር 2014 ተቀበለችው፤ ቨርጂኒያ ግን እስከ ጥር 2019 ድረስ አልተቀበለችም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የአዲሶቹን ተረጂዎች ወጪ በሙሉ የሚከፍለው የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ነበረ፥ ነገሩ የግዛቲቱን ግብር ከፋይ በማዳን ብቻ የሚተረጐም አይደለም። የቨርጂኒያ ሰዎችም የፌዴራሉን ግብር እየከፈሉ ገንዘቡ ወንዙን ተሻግሮ ለጎረቤት ይደርስ ነበር። የአጎቴ ልጅ በየዓመቱ ያተረፈው ግብር ጥቂት መቶ ዶላር ነበር፤ የሆስፒታሉን ዕዳ ግን ለብዙ ዓመታት ሲከፍል ኖረ።

እኔም ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ «አየህ!» ልለው አፌን ከፈትሁ። እርሱ ግን ቀደመኝና «አንተ ደግሞ ልጅህን የት አስተማርህ?» አለኝ። ቃሉ አፌን ዘጋኝ፤ ምክንያቱን ልናገር።

የዋሽንግተን ነዋሪዎች ነገር ከሁለቱ ጎረቤቶቻቸው የተለየ ነው። እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ የፌዴራሉን ግብር ይከፍላሉ፤ በኮንግሬስ ግን ድምፅ የሚሰጥላቸው እንደራሴ የላቸውም። ስለዚህ ከ2000 ጀምሮ በመኪናቸው ሰሌዳ ላይ ያለ እንደራሴ ግብር እንደሚከፍሉ የሚገልጽ ቃል ተጽፎ ይታያል። ደግሞም ኮንግሬስ በ1973 ለከተማይቱ የራስ አስተዳደር ሲሰጥ፥ በሌላ ግዛት እያደሩ በከተማይቱ በሚሠሩ ሰዎች ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል ከለከላት። በየማለዳው ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚጎርፈው ሠራተኛ በመንገዷ ይሄዳል፥ በፖሊሷ ይጠበቃል፤ የደመወዙን ግብር ግን ለሚያድርበት ግዛት ይከፍላል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ይህችው ከተማ ግን በ2008 ባወጣችው ሕግ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት ሁሉ በነጻ የሚማሩበትን ቦታ ለማዘጋጀት ተነሣች። የሚከፈለውም ከነዋሪዎቿ ግብር ነው።

በ2012 ልጄ ሦስት ዓመት ሞላው። በሜሪላንድ የነጻው ትምህርት በመጀመሪያ ለድኻ ቤተሰብ የአራት ዓመት ልጆች ነበረና ለእኔ አልደረሰኝም፤ የግል መዋያም ዋጋው ከቤት ኪራይ የሚወዳደር ሆነብኝ። አክስቴ ከኢስተርን አቬኑ ማዶ ትኖር ነበር። ልጄን በእርሷ አድራሻ አስመዘገብሁ፤ ዕጣም ወጣለት። በየማለዳው መንገዱን አሻግሬ አደርሰው ነበር። ሌሎችም ያደርጉት ስለ ነበረ እንደ ብልኀት እንጂ እንደ ስርቆት አልቈጠርሁትም።

በዚያው ዓመት አንዲት የአገራችን ሴት ወደ ቤቴ መጣች። በከተማይቱ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ትኖራለች፤ ሌሊት ሌሊት የመሥሪያ ቤት ሕንጻ ታጸዳለች። «ጋሼ፥ እርስዎ እንግሊዝኛውን ያውቁታል፤ እባክዎ ለልጄ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ወረቀቷን ተቀብዬ ሳነበው ትምህርት ቤቱ የእኔ ልጅ የሚማርበት ነው፤ ክፍሉም ያው ክፍል ነው። ልጅቷ ከተራ ጠባቂዎቹ አንደኛ ሆና ተጽፋለች። አንድ ቦታ ቢለቀቅ የምትገባው እርሷ ናት፤ የተያዘውም ቦታ በእኔ እጅ ነበረ።

ምን አደረግሁ? ማመልከቻውን አሳምሬ ጻፍሁላት። እርሷም መርቃኝ ሄደች። ልጄንም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላስወጣሁትም። ያን ዓመት ያች ሴት ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ቀኑን ልጇን ስትጠብቅ ትውል ነበር፤ መቼ ትተኛ እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል።

አሁን አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ ድንበሩ ራሱ የሰው ሥራ ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃን የመንገዱን ማዶና ወዲህ አያውቅም፤ ያንተስ ልጅ ልጅ አይደለምን? አንተስ በከተማይቱ እየሠራህ፥ ምሳህን እየገዛህ፥ ከዕቃው ዋጋ ጋራ ግብሯን አልከፈልህምን? እኔም ብዙ ጊዜ ለራሴ የተከራከርሁት በዚህ ቃል ነበር። ነገሩም ከቶ እውነት የሌለበት አይደለም። አንዱን ሕፃን የሚያስተምር፥ ሌላውን ወላጁ ባደረበት ምክንያት የሚያስቀር ድንበር በእውነት ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ነገር ግን በኋላ ያስተዋልሁት ይህ ነው። ድንበሩ ዐመፅ ከሆነ ዐመፀኛነቱ ለሁሉ ነው። እኔ ግን ድንበሩን ለሁሉ አልገፋሁትም፤ ለራሴ ብቻ በስውር ዘለልሁት። የዘለልሁ ለት የሜሪላንድ ሕፃናት እንዲማሩ የምጮኽበት ምክንያት ጠፋብኝ፤ የእኔ ልጅ ተምሯልና። ስብሰባ አልሄድሁም፥ ለእንደራሴዬ አልጻፍሁም። በሌላ በኩል ይህን ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ በ2021 በሜሪላንድ ስለ ትምህርት ታላቅ ሕግ ጸንቶ የሕፃናቱ ትምህርት እየሰፋ እንዲሄድ ተወሰነ። ያ ሕግ የተገኘው አድራሻ ከተዋሱት ሳይሆን በግልጥ «ጨምረን እንክፈል፥ ልጆቻችንም ይማሩ» ካሉት ነው።

እንግዲህ ግብሩ የበዛበት አገር ሁሉ የተሻለ ኑሮ አለው ማለቴ አይደለም። በዚያችው በሜሪላንድ የባልቲሞር ከተማ የቤት ግብር ልክ፥ በዙሪያዋ ካለው አውራጃ ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሰፈሮቿ ኑሮው እጅግ የከፋ ነው። ሀብታሙ ሲወጣ ሸክሙ በቀሩት ድኾች ላይ ስለ ከበደ ነው። ደግሞ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ በተባለው አውራጃ ልጆቻቸውን በመልካም ትምህርት ቤት አስተምረው፥ ከዚያም በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ አስመርቀው በደስታ የሚኖሩ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። ስለዚህ «ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ ብቻ ሁለት አገር ማወዳደር፥ «ስንት ትበላለህ?» ብሎ ብቻ ጤናን እንደ መመርመር ነው። ምን ይከፈላል፥ ማን ይከፍላል፥ ለማንስ ይደርሳል፥ ሦስቱ አብረው ሊጠየቁ ይገባል።

ግብር ሽሽት ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው የሚሄድንም ሰው አልነቅፍም። ጓዙን ጠቅልሎ ወንዙን የተሻገረ፥ የማዶውን ጥቅምም ጉድለትም አብሮ ተሸክሟል። የአጎቴ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ሲያተርፍም ሲታመምም በመረጠው አገር ነው። የምነቅፈው ሥጋው በአንድ አገር፥ እጁ በሌላ አገር ማዕድ ላይ የሚኖረውን፥ ማለት ራሴን ነው። ድኾች ሆነው ልጆቻቸውን ለማስተማር የጨነቃቸውንም ሰዎች ከእኔ ጋራ አልቈጥራቸውም፤ እኔ ተቸግሬ እንጂ አጥቼ አልነበረምና።

ሦስቱ ጎረቤታሞች በግልጥ ሲካፈሉ የሚሆነውን በዐይኔ አይቻለሁ። በ1976 ሥራ የጀመረው ሜትሮ የተባለው ባቡር ሦስቱንም ምድር እያቋረጠ ይሄዳል። ሐዲዱ አርጅቶ ባስቸገረ ጊዜ፥ በ2018 ሦስቱ ተስማምተው ለጥገናው በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ዶላር በጋራ ሊያዋጡ ቈረጡ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ እያንዳንዱም የድርሻውን ማነስ ወዶ ነበር። ዳሩ ግን ከፋዩም ተሳፋሪውም ታወቀ፤ ዛሬ በዚያ ባቡር የሚሄድ የሜሪላንድ ሰው የማንንም ወንበር አልሰረቀም።

የአጎቴ ልጅ ከዳነ በኋላ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚከፍለውን የዚያን ዓመት የትምህርት ዋጋ ዕዳዬ መሆኑን ገልጬ ለከተማይቱ ጻፍሁ፤ በየጥቂቱም ከፈልሁ። ቀጥዬ ወደዚያች ሴት ሄድሁና ሁሉን ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያም «ጋሼ፥ ቦታውንስ ለልጅዎ ብለው ነው፤ ማመልከቻውን ግን ለምን ጻፉልኝ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። የትምህርቱን ዋጋ የከፈልሁት ለከተማይቱ ነው፤ ያች ሴት ሳትተኛ የዋለችበትን ዓመት ግን የምከፍልበት ሣጥን የለም። የአጎቴ ልጅና እኔ ዛሬም በሚያዝያ ቡና ላይ እንገናኛለን፤ እርሱ ስለ ሙት ግብር፥ እኔም ስለ መኪና ግብር መቀላለዳችንን አልተውንም። የማንኛችን አገር ይሻላል የሚለውን ግን እንደ ቀድሞው ጨክኜ አልከራከርም። አንተም አንባቢ ሆይ፥ የጎረቤትህን ግብርና ያንተን ለማስተያየት በተቀመጥህ ጊዜ ሂሳቡን በደንብ አድርገህ ሥራ፤ ሠርተህም ስትጨርስ ከማን ማዕድ እንደምትበላ፥ በተራው ቆሞ የሚጠብቀውም ማን እንደ ሆነ ጠይቅ።