የማን ስህተት?

«አደጋው የደረሰው በሰው ስህተት ነው» ሲባል ደስ አይለኝም። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ይህ ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ይባረራል፣ ፋይሉ ይዘጋል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ የየትኛው ሰው ስህተት?

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ገደማ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ማመንጫ ውሃ የሚገፉ ፓምፖች ቆሙ። ግፊት ጨመረ፣ ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ፣ ሪአክተሩም ራሱን አጠፋ። እስከዚህ ሁሉም በደንቡ ነው። ቫልቩ ግን መልሶ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ፤ ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ይወጣ ጀመር።

መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያለው መብራት ጠፋ። ሠራተኞቹ «ተዘግቷል» ብለው አመኑ። መብራቱ የሚናገረው ግን «ተዘጋ» የሚል ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነበር፤ መዘጋቱን አይደለም። ከመቶ በላይ ማስጠንቀቂያ እየጮኸባቸው፣ ሌላው መሣሪያ ደግሞ ውሃው በዝቷል ሲላቸው፣ እንደ ሥልጠናቸው የአደጋ ጊዜውን ውሃ ቀነሱ። መፍሰሻው የተዘጋው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ተሳስተዋል? አዎ። ግን በ1977 ኦሃዮ ውስጥ በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እዚያም ሠራተኞቹ ውሃውን ቀንሰው ነበር፤ ደግነቱ ቶሎ ነቁ። የአምራቹ ኩባንያ መሐንዲሶች «ለኦፕሬተሮች ግልጽ መመሪያ ይሰጥ» ብለው በውስጥ ማስታወሻ ጻፉ። መመሪያው ስሪ ማይል አይላንድ ሳይደርስ አደጋው ቀደመ።

እንግዲህ ሁለት ሰው አስቡ። አንዱ ሌሊት፣ በጩኸት መሃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወሰነ። ሌላው ወራት ነበሩት፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ በእጁ ላይ ማስጠንቀቂያ። ለእኔ ዕዳው የሚለካው ማን በመጨረሻ ቁልፉን እንደነካ አይደለም፤ ማን ለማሰብ ጊዜ እንደነበረው ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ የሲስተሙ ነው በለና!» ትሉኝ ይሆናል። አልልም። ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ማንን እንደምንቆጣ ግራ እንደሚገባን፣ «የሲስተሙ ጥፋት» ማለትም ሁሉንም ይደብቃል። ሲስተም ሰው ነው። መብራቱን የነደፈ ሰው አለ፤ ማስታወሻውን ያሳደረም ሰው አለ። እኔ የምለው ተጠያቂ ይጥፋ አይደለም፤ ይብዛ ነው። ኦፕሬተሩም ድርሻ አለው፤ ያየውንና ያደረገውን በእውነት መናገር። ግን የተናገረ ሁሉ የሚባረርበት ቤት ውስጥ ማን ይናገራል?

«ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት» እንላለን። ጥሩ ሰው ከተመረጠ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። የተመረጠውም ሰው ግን ሌሊት ይደክመዋል። የማይሳሳት ሰው ካልተገኘ በቀር የማይሠራ ማሽን ማቆም፣ ለእኔ ራሱ የሞራል ጥፋት ነው።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ማመንጫዎች የቫልቩን ትክክለኛ አቋም በቀጥታ የሚያሳይ ምልክት እንዲገጥሙ ታዘዙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ሌሊት ለሚሠራው ሰው እውነቱን መንገር ማለት እሷ ናት።