ፍርዱን የጨረሰ ሰው የማን ነው?



ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ሰው ከከተማው ወህኒ ቤት ተፈትቶ ወደ ካምፓችን ተመለሰ። ስሙን መጻፍ አያስፈልግም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስምንት ወር የታሰረው በስርቆት ነው። የሰረቀውም ከባለጠጋ አይደለም። ከእኛው ረድፍ ልብስ እየሰፋች ሁለት ልጆቿን የምታሳድገውን እኅታችንን የስፌት መኪና ነው። ሌሊት ከቤቷ አውጥቶ ከተማ ወስዶ ሸጠው፤ ተያዘ፤ ተፈረደበት፤ ፍርዱን ጨርሶ መጣ። መኪናው ግን አልተመለሰም።

ሰውየው ሲመጣ ሁለት በር ተዘግቶ ጠበቀው። አንደኛው የወረቀት በር ነው። ስሙ ከራሽን መዝገብ ወጥቷል፤ መጠለያውም ለአዲስ መጤዎች ተሰጥቷል። ቢሮ ሄዶ ቢያመለክት «ከብሎክ ኮሚቴህ ደብዳቤ አምጣ» ተባለ። ሁለተኛው የሰው በር ነው፤ እሱም እኛ ነን። ኮሚቴው ደብዳቤውን ይጻፍ አይጻፍ በሚል ሁለት ሰዓት ተከራክሮ ሳይወስን ተበተነ። በዚያ ስብሰባ እኔም ነበርሁ። አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ዝም ያልሁት ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ «የሌባ ጠበቃ» መባልን ፈርቼ ነው። ዛሬ የምጽፈው ያን ዕለት ልናገረው ሲገባኝ የዋጥሁትን ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። ወህኒ ቤቱ «ከእኔ ወጥቷል» ይላል፤ ሰፈሩ ደግሞ «ወደ እኔ አልገባም» ይላል። በሁለቱ መካከል ሜዳ ላይ የቆመው ሰው ቅጣቱ አልቋል ወይስ አላለቀም? ካላለቀስ ቀሪውን የፈረደበት የትኛው ዳኛ ነው?

በአገራችን የእስር ቤት ስም ተለዋውጧል። አባቶቻችን ወህኒ አሉት። በአዲስ አበባ ከጣልያንኛ የመጣው «ከርቸሌ» የሚለው ስም ተለመደ። ዛሬ መንግሥት ማረሚያ ቤት ይለዋል። ማረም ለገበሬ አረሙን ነቅሎ ሰብሉን ማቆየት ነው። በእጃችን ለምንጽፍ ለእኛ ደግሞ የተሳሳተውን ቃል ሠርዞ ትክክለኛውን ከላዩ ማስፈር ነው። ይህችን ጽሑፍ የምታነብቡ ሁሉ ስርዙን ታዩታላችሁ። ቢሆንም ስርዝ ስላለበት ወረቀቱ አይቀደድም፤ ወረቀት ውድ ነውና፤ የታረመ ጽሑፍም ይነበባልና። ሰውን አርመን አወጣነው ካልን በኋላ ማንም እንዳያነበው ካደረግነው ያ ቤት ስሙን ለወጠ እንጂ ሥራውን አልለወጠም፤ ዛሬም ወህኒ ነው።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ የተሻሻለ ሰው በአመክሮ የሚፈታበትን መንገድ ያስቀምጣል። አመክሮ ፈተና ነው፤ ሰውየው በሰው መካከል እየኖረ ይፈተናል ማለት ነው። ከዚያም አልፎ ሕጉ «መሰየም» የሚለው ነገር አለ። ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰኑ ዓመታት በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ጨካኝ እያልን የምናማው ሕግ ከጎረቤት ይልቅ ቸር ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅምን?

ነገር ግን ዳኛ ከመዝገብ መሠረዝ ይችላል እንጂ ከጎረቤት ልብ መሠረዝ አይችልም። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ እስከ ጎረቤቱ ደጃፍ ያለውን መንገድ ሰውየው ብቻውን አይዘልቀውም። እዚህ ላይ ነው የቅርቡ አስተዳደር ሥራ የሚመጣው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ ወዲህ በከተሞቻችን ያ የቅርብ አስተዳደር ቀበሌ ነበር። ብዙዎቻችን፣ ወይም ወላጆቻችን፣ ቀበሌን የምናስታውሰው በክፉ ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ ራሱ አሳሪ ነበርና። ይሁን እንጂ ያው ቀበሌ ነበር መታወቂያ የሚሰጠው፤ ከቀበሌ ሱቅ የሚያስገዛው፤ «ነዋሪያችን ነው» ብሎ ማኅተም የሚመታው። ያሰረውን ሰው መልሶ ነዋሪ የሚያደርገው ያው ቢሮ ነበር። ዛሬም ቢሆን በማረሚያ ቤት ሽመና ወይም የእንጨት ሥራ ተምሮ የወጣ ሰው ሙያው እንጀራ የሚሆነው መታወቂያ፣ የመሥሪያ ቦታና መነሻ ብድር ሲያገኝ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ደጅ የሚጠናው ቀበሌና ወረዳ ዘንድ ነው። መታወቂያ የሌለው አናጢ መጋዝ ቢይዝም ሥራ ፈት ነው። በእኛ ካምፕ ደግሞ ቀበሌው የብሎክ ኮሚቴው ነው፤ መታወቂያውም የራሽን ካርዱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው። ወረቀት፣ መጠለያና ምግብ ለተፈታ ሰው የሚሰጡ ሽልማቶች አይደሉም። ፍርዱ አልቋል ለማለት የሚያስችሉ ምልክቶች ናቸው። እነሱን የከለከለ አስተዳደር ሳይፈርድ ያስራል። ደግሞም ራሽን ከልክሎ «እንዳትሰርቅ» ማለት እግር አስሮ «ሩጥ» እንደ ማለት ነው።

ይሁንና ቢሮ የማይችለው ነገር አለ። በገጠራችን ነፍስ ያጠፋ ሰው እስራቱን ጨርሶ ቢወጣ እንኳ የደም እርቅ ሳይወርድ ወደ መንደሩ ለመግባት አይደፍርም። ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ካሣ ይቆረጣል። መንግሥት የፈረደው ለራሱ ነው፤ የተበደለው ገና አልተጠየቀም ከሚል ሐሳብ የመነጨ ሥርዓት ነው። ጥበብ አለበት። እንከን የለበትም ግን አልልም፤ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩትም የሚታረቁትም ወንዶች ናቸው፤ ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ጓዳ ተቀምጣ ውሳኔውን ትሰማለች።

ነገሩ በአንድ መንደር ወይም በአንድ የስፌት መኪና ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ከእኛ እጅግ ሩቅ ያልሆነችው ሩዋንዳ ግን በአገር ሚዛን ተፈትናበታለች። እ.ኤ.አ. በ1994 በመቶ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎችና እልቂቱን የተቃወሙ ሁቱዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ከ100 ሺህ የሚበልጥ ተጠርጣሪ በጠባብ እስር ቤቶች ታጎረ። በመደበኛ ፍርድ ቤት ብቻ ይዳኝ ቢባል ዕድሜ አይበቃም ነበር። በ2003 መጀመሪያ መንግሥት ያመኑትን፣ የታመሙትን፣ ያረጁትንና በጊዜው ልጆች የነበሩትን ከ20 ሺህ በላይ እስረኞች ለቀቀ። መጀመሪያ ኢንጋንዶ በሚባሉ ካምፖች ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ወደየኮረብታቸው ተመለሱ። የገደሉባቸው ሰዎች ዘመዶች ወዳሉበት ኮረብታ፣ ወደ አንድ ገበያና ወደ አንድ ምንጭ ማለት ነው።

ከ2002 ጀምሮ እስከ 2012 ድረስም ጋቻቻ የተባሉ 12 ሺህ ያህል የመንደር ሸንጎዎች፣ ነዋሪው ራሱ በመረጣቸው ዳኞች፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አዩ። ስሙ የመጣው ሰዎች ተቀምጠው ከሚዳኙበት ሣር ነው። ጥፋቱን ያመነ ሰው የቅጣቱን ከፊል በሕዝብ ሥራ እንዲፈጽም ይፈቀድለት ነበር። መንገድ ጠረጉ፤ እርከን ሠሩ፤ ከእልቂቱ ለተረፉ ሰዎችም ቤት ሠሩ። ልብ በሉ፤ የጥፋተኛው መመለሻ ለተበደለው የሚሆን ጣሪያ ነበረ።

ይህ ሁሉ ያለ ጠባሳ አልተፈጸመም። የመሰከሩ ሰዎች ተዝተውባቸዋል፤ የተገደሉም አሉ። ያሸነፈው ወገን ጦር የፈጸመው ግድያ በእነዚያ ሸንጎዎች አልታየም። አንዳንድ የተረፉ ሰዎችም የአስተዳደር ግፊት ከልባቸው ቀድሞ «ይቅር በሉ» እንዳላቸው ተናግረዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አስተዳደር ሰውን ወደ ሰፈሩ መመለስ ይችላል፤ ለተበደለውም ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይችላል። ይቅርታን ግን በደብዳቤ ቁጥር ማዘዝ አይችልም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በስብሰባው የተቃወሙት ወንድሞች ሁለት ተረት ጠቅሰዋል። አንዱ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ፤ ሌላው «አመል ያወጣል ከመሐል» አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን የመጀመሪያው ተረት ስለ ሰው አመል ነው እንጂ ሰው ሊለወጥ አይችልም የሚል ፍርድ አይደለም፤ እንዲያ ከሆነማ ማሠርም ማስተማርም ከንቱ ነው። ሁለተኛውም አመል ከመሐል እንደሚያወጣ ይነግረናል እንጂ አመሉን የተወ ሰው በየትኛው በር እንደሚመለስ አይነግረንም። ያንን መናገር የእኛ ፋንታ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላው ክርክራቸው ነበር። «እኅታችን እያለቀሰች እሱን እንዴት እንቀበላለን? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ። ይህ ቃል ዝም አሰኝቶኝ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብሁ። ሁለት ሰዓት ስለ እሷ ስንከራከር እሷን የጠየቃት አልነበረም። በማግሥቱ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የልጅ ሱሪ በእጅ መርፌ ትሰፋለች።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «እሱ ስምንት ወር ታስሮ ተፈታ። እኔን ማን ይፍታኝ? በመኪና አንድ ቀን ይፈጅብኝ የነበረው ዛሬ ሳምንት ይፈጅብኛል።»

ምን ይደረግ ትያለሽ አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ካርዱን ስጡት» አለች። «እሱም የእናት ልጅ ነው፤ በእኔ ስም አታስርቡት። ሰላም በዪው ግን አትበሉኝ።»

ወገኖቼ፣ ከዚህ ወዲያ እኔ የምጨምረው ብዙ የለም። ኮሚቴ ሆነን ሁለት ሰዓት ያልለየነውን እሷ በሁለት አረፍተ ነገር ለየችው። የሰፈሩ ግዴታ አንድ ነገር ነው፤ የእሷ ልብ ሌላ ነገር ነው። እኛ ግን ሁለቱን ቀላቅለን በእሷ ቂም ተሸፍነን ነበር። እውነቱን እንናገር፤ ያልተሰረቅን ሰዎች ነን በሩን የዘጋነው። ሐዘኗ እንዲህ ካንገበገበን በእነዚህ ስምንት ወራት ሌላ መኪና እንድትገዛ አንድ ሳንቲም ያዋጣ ከመካከላችን ማን ነው? እኔም አላዋጣሁም። እሱን ባለመቀበል ለእሷ ያደረግንላት መሰለን እንጂ ያደረግንላት ነገር የለም። የተበዳይን እንባ ለራስ ጭካኔ ምክንያት ማድረግም ሌላ ስርቆት ነው።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛ፣ ደብዳቤው ይጻፍለት። ሁለተኛ፣ እድራችን ከሣጥኑ ብድር አውጥቶ ያገለገለም ቢሆን የስፌት መኪና ይግዛላት። ብድሩን ሰውየው በጉልበቱ ይክፈል፤ ጉድጓድ በመቆፈር፣ ውኃና እህል በመሸከም፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት በመጠገን። ስንት ቀን እንደሠራ በሽማግሌዎች ፊት ይመዝገብ። ዕዳው ሲያልቅም አለቀ ይባል፤ መጨረሻ የሌለው ዕዳ ማንንም አያተጋምና። ሦስተኛ፣ እኅታችንን ሰላም በዪው፣ አብረሽው ቡና ጠጪ የሚል ሰው አይኑር። አንድ ቀን ራሷ ብትል ደስ ይለናል፤ ባትልም መብቷ ነው።

የእድሩን ሣጥን ቁልፍ ስጡት አላልሁም። እምነት እንደ ራሽን በአንድ ቀን አይታደልም፤ በስፍር ይመለሳል። ቢደግምስ የሚል ይኖራል። ቢደግም ሕግ አለ፤ የወህኒውን መንገድም ያውቀዋል። ባይደግምስ ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ባይደግም የት እንዲኖር ነው ያሰብንለት?

እኛም ብንሆን ሰው መሆናችንን በወረቀት እንድናስመሰክር የምንጠየቅ፣ በየመስኮቱ ተሰልፈን «ያለፈው ታሪክህ ምንድን ነው?» የምንባል ሰዎች ነን። በሩ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ሌላ ሰው ሊያስረዳን አይገባም።

ኮሚቴው እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ እናገራለሁ። የማይስማማ ካለም በሚቀጥለው ቁጥር መልሱን ይጻፍ፤ ወረቀቱን እናካፍለዋለን።