ገበያው በየት ነው?

ከወሎም ይሁን ከስልጤ መጥተህ ቀጨኔ ላይ ቤት የተከራየህ ወንድሜ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል የራስህ በመሆኗ ደስ እንዳለህ አውቃለሁ። ዘመድ ቤት ከመጠጋት ትሻላለች። ሦስት ቀን ብትታመም ግን በርህን የሚያንኳኳ አለ?

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ንብረቱን መካ ትቶ መዲና ሲገባ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲናው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ፈለገ። እሱ ግን በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረገለትና ገበያው በየት እንደሆነ ብቻ ጠየቀው። በበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ቅቤና አይብ እየነገደ ራሱን ቻለ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን (እኔም በተማሪነቴ እንደዚያው ነበርኩ)፤ "የሰው እጅ አላይም" እንላለን። ልብ በል፣ ሰዕድን ገንዘቡን እንጂ ወንድምነቱን አልመለሰበትም። መንገዱን የጠየቀው ያንኑ ሰዕድን ነው። ሲያገባም ከአንሷር አገባ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲደግስ አዘዙት።

አንተ ኢማሙ እንዳሰላመተ ጫማህን ይዘህ የምትወጣው የማንም ሸክም ላለመሆን ነው? ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ከጎንህ የሰገደውን ስሙን ጠይቀው። ሥራ በየት እንደሚገኝም ጠይቀው፤ አያሳፍርም።