ስላለፈ ኑሮ ማዘን ይገባልን?

ሰው ያለፈውን ኑሮ በናፍቆት ሲያስበው መልካሙን ከክፉው ሳይለይ ባንድነት ማቀፉ የታወቀ ነው። ያ ኑሮ በሌላው ጫንቃ ላይ የቆመ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ስለ ማለፉ ማዘን ይገባልን?

በጐጃም አገር ይህን ጥያቄ አጥርቶ የሚያስነሣው፥ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ይልቁንም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ያነበበው። አንድ ሰው ብቻውን ባላባቱንም፥ ወይዘሮይቱንም፥ ገበሬውንም፥ የቅኔ ተማሪውንም በየድምፃቸው እያሰማ፥ ያለ መድረክና ያለ መጋረጃ ሙሉ ቴያትር አቆመ።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ያሉ ሰዎች በሥልጣናቸው ነበሩና ነገሩ ክስ ነበረ። ከ9 ዓመት በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የባለመሬትነትን ሥርዐት ሻረው። ከዚያ ወዲህ ለሚያደምጥ ሰው ያው ክስ ትዝታ ሆነለት። በፊታውራሪው ትዕቢት ይሥቃል፤ በሣቀም ቍጥር ሳያውቀው ይቅር ይላል። ይቅር ማለት ግን የተበደለው ሰው ፈንታ ነው እንጂ የአድማጩ አይደለም። (የወጋየሁ ድምፅ እንዲህ የጣፈጠ ባይሆን ኖሮ ፈተናው በቀለለ ነበር።)

ደራሲው ራሳቸው ይህን አልዘነጉም። ከደብረ ኤልያስ እስከ ዲማ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ሲሆኑ፥ ሥርዐቱን የሚነቅፈውን ጉዱ ካሣን ከውጭ አላመጡትም፤ ከባላባቱ ዘመዶች መካከል አስቀመጡት እንጂ። ሰዎቹም እንደ እብድ ቈጠሩት። ነገሩን በቃል ሳይሆን በክንዳቸው የተናገሩት፥ በአበጀ በለው መሪነት ያመፁት ገበሬዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ኀዘኑ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይገባም። በዛብህ ቅኔ የተማረበት የዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ፥ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቶ ከውሻ ጋራ እየታገለ የሚለምነው ተማሪ፥ ይህ ሁሉ የሚናፈቅ ነው። ዐዋጁ የቤተ ክርስቲያንንም መሬት ስለ ወሰደ፥ የቅኔ ቤቱ መናጋትና የባላባቱ ውድቀት ባንድ ቀን የመጣ ሞት ይመስላል፤ ብዙ ሰዎችም ሁለቱን ባንድ ድንኳን ያለቅሷቸዋል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን፥ ተማሪው በእመቤታችን ስም ለምኖ ያገኘው ቍራሽ የወጣው ከአዳራሹ ይልቅ ከገበሬው ደጃፍ ነው፤ ያውም ግብሩን ከፍሎ፥ መስተንግዶውን አቅርቦ፥ ለልጆቹ ከቀረው ላይ ተቈርሶ።