የመስተዋት ምሥጢር የማን ነው?

አሸዋ ለብቻው ቀልጦ መስተዋት እንዲሆን ወደ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይሻል። የጥንቱ ምድጃ ይህን ያህል ኃይል ስላልነበረው ባለሙያው ከዕፅዋት አመድ የሚገኘውን ሶዳ እየጨመረ በአነስተኛ ሙቀት ማቅለጥ ቻለ። ይሁን እንጂ አሸዋና ሶዳ ብቻ የወለዱትን መስተዋት ውሃ ያሟሟዋል፤ የሚያጸናው ኖራ ነው። ተሠርቶ ካለቀም በኋላ በዝግታ ካልቀዘቀዘ፣ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ይሰነጥቀዋል። ይህ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚነገር ዕውቀት ቀድሞ ሰው የሚታገትበት ምሥጢር ነበር።

የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የመስተዋት ምድጃዎችን ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወረ። ምክንያቱ ከተማይቱን ከቃጠሎ መጠበቅ ነበር፤ እውነትም ነው። ደሴቲቱ ግን ውላ አድራ የሙያ ማጎሪያ ሆነች። ባለሙያው ይከበራል፣ ልጁንም ለመኳንንት ይድራል፤ ሙያውን ይዞ መኮብለል ግን በሕግ ተከልክሏል። እጁ የራሱ፣ በእጁ ያለው ዕውቀት የመንግሥት መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1665 የፈረንሳዩ ሚኒስትር ኮልቤር የቬኒስን ባለሙያዎች በገንዘብ አባብሎ ወደ ፓሪስ አስኮበለለ። በዚህ ጥበብ ነፃ ወጣች ማለት የዋህነት ነው፤ ጌታ ለወጠች እንጂ።

ከኮልቤር አስቀድሞ አንቶኒዮ ኔሪ የተባለ የፍሎረንስ ቄስ ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1612 የመስተዋትን አሠራር በመጽሐፍ አሳትሞ ለአንባቢ ሁሉ ገለጠ። የሙራኖ ሠራተኛ «እንጀራዬን ነጠቀኝ» ቢል ባልተፈረደበትም። ሆኖም ኔሪ በጽሑፍ ሊሰጥ የቻለው ቅመሙን እንጂ እጅን አልነበረም። የቀለጠው መስተዋት ከመንፊያው ብረት ጫፍ ሊንጠባጠብ ሲል ብረቱን ማዞር የሚገባበትን ቅጽበት፣ ተማሪው ዛሬም ከምድጃው አጠገብ፣ ከመምህሩ ጎን ቆሞ ይማረዋል።