ሳይፈታ የተቀዳ ድምፅ

በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው አሌክሳንደር ዳምብል አንድ የጊታር ድምፅ ማጉያ ሠርቶ ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት፣ የሥራው ምሥጢር ያለበትን የሬዚስተርና የኮንደንሰር ሰሌዳ፣ ኤፖክሲ በተባለ፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ የመሸፈን ልማድ ነበረው። ይህንንም ያደርግ የነበረው ድምፁን ሰው እንዳይሰማው ብሎ አይደለም፤ ድምፁማ በጊታር ተጫዋቾቹ በነሮበን ፎርድና በነላሪ ካርልተን እጅ በዓለም አደባባይ ሲሰማ የኖረ ነው። ያስጨነቀው ድምፁ ከምን እንደ ተገኘ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር በምን መጠን ተዛምዶ ያንን ለስላሳም ቁጡም የሆነ ጩኸት እንደ ወለደ፣ ሌላ ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ እንዳይመለከትበት ነው። በዕድሜው ሙሉ የሠራቸው ማጉያዎች 300 ያህል ናቸው ይባላል፤ በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከዚህ ዓለም ሲለይም ከእነዚያ መካከል አንዱን ለመግዛት የፈለገ ሰው ከ100,000 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችል ነበር።

ዛሬ ግን ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማይበልጥ ሣጥን በእግሩ ሥር ያኖረ ወጣት፣ የዳምብልን ፊት ቀርቶ የማጉያውን ቆዳ ሳያይ፣ ያንኑ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በመኝታ ክፍሉ ይጫወታል። ሙጫው አልተፈቀፈቀም፤ ክዳኑ አልተከፈተም፤ አንዲት ብሎን እንኳ አልተፈታችም። እንግዲህ ምሥጢሩ ሳይነካ ድምፁ ከወጣ፣ የተወሰደው ነገር ምንድር ነው? ለምሥጢሩ ባለቤትስ የቀረለት ምን ነው? ጥያቄው የሙዚቀኞች ብቻ መስሎ ቢታይም፣ አንድን ነገር መያዝና አንድን ነገር ማወቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሰውም ቢያስብበት አይከፋም።

አስቀድሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያሻል። ላይን ሲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1996 አክሲስ የሚባለውን ማጉያ፣ በ1998 ደግሞ ቀዩን የባቄላ ቅርጽ ያለውን ፖድ ለገበያ ሲያወጣ፣ መንገዱ ገና የቀድሞው የጥናት መንገድ ነበር፤ መሐንዲሶቹ የታወቀ ማጉያ ከፊታቸው አኑረው፣ ቫልቩ፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው የመስታወት ቱቦ፣ ምን ያደርጋል፣ ትራንስፎርመሩ ምን ይጨምራል፣ የቃና መቆጣጠሪያው ምን ይቀንሳል እያሉ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ሒሳብ ያበጁለት ነበር። በ2011 የጀርመኑ ክሪስቶፍ ኬምፐር ያቀረበው መሣሪያ ግን መንገዱን ለወጠው፤ ማጉያውን አይመረምርም፣ ይጠይቀዋል እንጂ። የታወቀ ድምፅ ይልክበታል፤ የሚመለሰውን በማይክሮፎን ይቀበላል፤ ከልዩነቱ ተነሥቶ አምሳሉን ይቀርጻል። ከዚያ ወዲህም በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲና በሌላም ስፍራ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄና መልስ ለሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ሰጡት፤ ከሚሠራባቸውም አንዱ ዌቭኔት የተባለው፣ በ2016 በሎንዶኑ ዲፕማይንድ የሰውን ንግግር እንዲያሰማ የታሰበ መረብ ነው።

የነርቭ መረቡ እንዴት እንደሚማር ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ነገሩ የሚያስገርም ነው። ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ድምፅ ይዘጋጃል፤ በውስጡም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚወጣ ፉጨት፣ ዝናም የመሰለ ሹክሹክታ፣ በለስላሳና በኃይለኛ እጅ የተመቱ የጊታር ክሮች አሉበት። ይህ ወደ ማጉያው ይገባል፤ የሚወጣውም ይቀዳል። ከዚያ ለመረቡ ያንኑ የገባው ድምፅ ይሰጠውና ‹‹የወጣው ምን ይመስልሃል?›› የተባለ ያህል ይገምታል። የመጀመሪያው ግምቱ ከንቱ ጫጫታ ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ጋር በእያንዳንዱ የድምፅ ሰከንድ 48,000 ጊዜ ይተያያል፤ ስሕተቱ ይለካል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው በጥቂቱ ይነቃነቃሉ፤ እንደገና ይገምታል፤ እንደገና ይታረማል። ይህ ሲደጋገም ውሎ ስሕተቱ እየቀጠነ ሄዶ፣ በመጨረሻ የሠለጠነ ጆሮ እንኳ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ነገር ግን የተገኘውን መዝገብ ከፍተን ብንመለከተው የምናየው የቁጥር ሰልፍ ብቻ ነው፤ ይህ ቁጥር ቫልቩ ነው፣ ያኛው ትራንስፎርመሩ ነው ብሎ በጣት የሚያሳይ የለም፤ መረቡን የሠራው ሰው ራሱ አይችልም።

ይህን ሁሉ ድካም የጠየቀው የቫልቭ ጠባይ መሆኑን መናገር ይገባል። የስፒከሩ ሣጥን ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንዲት አጭር ምት ሰጥቶ ምላሹን መቅዳት ይበቃ ነበር፤ የገባው እጥፍ ሲሆን የሚወጣውም በአመዛኙ እጥፍ ነውና። ቫልቭ ግን ከመጠኑ ሲያልፉበት እምቢ ይላል፤ የማዕበሉን ራስ ይቆርጣል፤ ከተቆረጠውም ቀድሞ ያልነበሩ ተጨማሪ ቃናዎች ይወለዳሉ። በአንዳንዱ ማጉያ ደግሞ ተጫዋቹ ክሩን በኃይል በመታው ጊዜ የኤሌክትሪኩ ኃይል ለቅጽበት ይወርድና ድምፁ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል። ተጫዋቾች ማጉያው ‹‹ይመልስልኛል›› የሚሉት ይህንን ነው።

ሊቃውንት ባሕርይን ከግብር ለይተው ሲያስተምሩ፣ ባሕርይ በግብር ይገለጣል እንጂ በግብር አያልቅም ይላሉ። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው መሣሪያው የቀዳው ግብሩን ነው፤ ያውም ከግብሩ አንዱን ገጽ። አርስጣጣሊስም አንድን ነገር አወቅነው የምንለው ምክንያቱን ባወቅን ጊዜ ነው ካለ፣ ይህ መረብ ውጤቱን ፈጽሞ ይዞ ከምክንያቱ አንዲት ፊደል እንኳ አልያዘም። የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ይዞታ ያውቀዋል፤ ዳዊትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ የሚወጣ፣ ንባቡ የማይነቀፍ፣ ግን የአንዱን ጥቅስ ትርጓሜ ቢጠይቁት ዝም የሚል ልጅ አለ። ልጁን ማንም አይንቀውም፤ ንባብ የትርጓሜ ደጅ ነውና፣ ነገ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የያዘውን ሊፈታው ይችላል። መሣሪያው ግን ከንባብ ወደ ትርጓሜ የሚያወጣ ደጅ የለውም፤ ቁጥሮቹን ዕድሜ ልኩን የሚመረምር ሰው ቢነሣ እንኳ፣ ዳምብል ይህን ኮንደንሰር በዚያ ፈንታ ለምን እንደ መረጠ ከእነርሱ አይማርም።

ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚታየኝ የቀድሞውን ቅጂ ታሪክ ሳስብ ነው። በ1962 በምዕራብ ሎንዶን፣ ሃንዌል በተባለ ሰፈር፣ ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ የነበረው ጂም ማርሻል በሙዚቃ ዕቃ መደብሩ ውስጥ ከወጣት ሠራተኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ማጉያ አሠራ። ንድፉ የእርሱ አልነበረም፤ የአሜሪካው ኩባንያ ፌንደር ባስማን ለሚባለው ማጉያው ያወጣው ንድፍ ነበር። ደንበኞቹ የፈለጉት የአሜሪካውን ድምፅ ነበርና፣ እነርሱም ያንኑ ለመድገም ክፍል በክፍል አጠኑት፤ ነገር ግን የአሜሪካው ዕቃ ሁሉ በሎንዶን አልተገኘም፣ የተገኘውም ውድ ነበር፤ ስለዚህ በአገራቸው የሚሸጠውን ትራንስፎርመር፣ በአገራቸው የሚሠራውን ሴለስሽን ስፒከር ገጠሙበት። ፌንደር አራት የ10 ኢንች ስፒከር በጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ያኖር ነበር፤ እነማርሻል ግን ማጉያውን ከስፒከሩ ለይተው፣ አራት የ12 ኢንች ስፒከር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ቅጂው ሳተ። የሳተውም በየደረጃው ምን እንደሚያደርጉ እያወቁ ስለ ሆነ፣ ስሕተቱን ሰምተው ወደዱት፣ አጸኑት፣ አሳደጉት፤ ከዚያም የከባድ ሮክ ሙዚቃ ዋና ድምፅ የሆነው ማርሻል ተወለደ። ዳምብል ራሱ ቢሆን የፌንደርን ማጉያዎች ሲጠግንና ሲያሻሽል ነው ወደ ራሱ ድምፅ የደረሰው።

ስለዚህ የቀድሞው ቅጂ ምክንያቱን ይዞ ውጤቱን ይስት ነበር፤ የአሁኑ ቅጂ ውጤቱን ይዞ ምክንያቱን ይስታል። የመጀመሪያው ስሕተት ፍሬ ያፈራ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ግን በተሳካ ቁጥር መካን ነው፤ ፍጹም ቅጂ ካለው ሌላ የሚወልደው የለም፤ ጉድለት ያለበት ቅጂም ቢሆን ጉድለቱ ከምን እንደ መጣ ስለማይታወቅ፣ የሚጣል እንጂ የሚያድግ አይደለም። ዘግይተው የዳምብልን ሙጫ በትዕግሥት ፈቅፍቀው ንድፉን የሳሉ ሰዎች ያገኙት ትርፍም ይህን ይመሰክራል። ከሙጫው ሥር ተአምር አላገኙም፤ ያገኙት በገበያ የሚገዛ ክፍልና ከአንዱ ማጉያ ወደ ሌላው የሚለያይ መጠን ነው። ዳምብል ማጉያውን የሚሠራው ገዢው ሲጫወት ሰምቶ፣ ለዚያ ሰው እጅና ጆሮ አመጣጥኖ ነበርና። ፈቅፋቂዎቹ ይህን ስላወቁ የራሳቸውን ማጉያ እስከ መሥራት ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ተጫዋች ተነሥቶ ‹‹እኔ ማጉያ ልሠራ አልፈለግሁም፤ ልጫወት ነው የፈለግሁት፤ ሙዚቃ የሚሰማውስ ሰው ምክንያቱን መቼ ጠየቀ?›› ቢለኝ፣ ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እውነትም አለበት። ሰሚው ከተቀዳ ሙዚቃ የሚቀበለው ግብሩን ብቻ ነው፤ ማጉያው በስቱዲዮው ወለል ላይ ይቀመጥ ወይም በቁጥር ሰልፍ ይተካ፣ ከሰሚው ዘንድ የሚደርሰው የአየር ንቅናቄ አንድ ከሆነ፣ ለሙዚቃው ውበት የሚጎድልበት የለም። መቶ ሺሕ ዶላር ለሌለው ሰው ይህ በር መከፈቱ ደግ ነው። በውድ ማጉያ ዙሪያ የሚነገረውን ግማሽ ምሥጢር፣ ግማሽ ንግድ የሆነ ወሬ ቀልቤ ወዶት አያውቅም። የቅጂ መሣሪያ ሻጮችም በበኩላቸው የንግድ ስም ሕግን ስለሚፈሩ የማጉያውን ስም አዙረው፣ አጣመው ይጽፉታል፤ ዳምብል ስሙን አሳይቶ ሥራውን ደብቆ ነበር፣ እነርሱ ሥራውን አሳይተው ስሙን ይደብቃሉ።

ሆኖም ተጫዋቹ የተቀበለው ምን ያህሉን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ስድስት መቆጣጠሪያ ያለው ማጉያ፣ እያንዳንዱ በአሥር ደረጃ ብቻ ቢቆም እንኳ፣ 1,000,000 አቋም አለው፤ አንድ ቅጂ ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ያውም ሌላ ሰው የመረጠው፣ በሌላ ሰው ማይክሮፎን አቀማመጥ። በመሣሪያው ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ ቢያዞር የሚዞርለት በላዩ የተጨመረ ማጣሪያ እንጂ የማጉያው ልብ አይደለም። በጆሮ ማዳመጫ ሲጫወት ደግሞ ሌላ ነገር ይቀራል፤ በታላቅ ድምፅ በተከፈተ ማጉያ ፊት የቆመ ጊታር ከስፒከሩ የሚወጣው አየር ክሩን መልሶ ስለሚነቀንቀው፣ ቃናው እጅ ሳይነካው ይረዝማል፣ ያድጋል፣ ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ቢንቀሳቀስ ይለወጣል። ይህ ፊድባክ የሚሉት ነገር የማጉያው ገንዘብ አይደለም፣ የጊታሩም አይደለም፣ የክፍሉም አይደለም፤ የሦስቱ ዝምድና ነው። ቅጂው ከሦስቱ አንዱን ለብቻው አውጥቶ ሰጠው።

በዚህ ላይ ሳሰላስል የሚያስቀኝ ነገር፣ ይህ ሁሉ በነርቭ መረብ የሚታደነው ድምፅ በመሠረቱ ብልሽት መሆኑ ነው። የፌንደር ዘመን መሐንዲሶች የደከሙት ጊታሩ እንደ ገባ ጥርት ብሎ እንዲወጣ እንጂ እንዲያንጎራጉር አልነበረም። በ1951 በሜምፊስ ‹‹ሮኬት 88›› የተባለው ዘፈን ሲቀዳ፣ ማጉያው በመንገድ ተጎድቶ ስፒከሩ ይርገበገብ ስለ ነበር፣ የጊታሩ ድምፅ እንደ ተበላሸ ተቀዳ፤ በ1964 ደግሞ ዴቭ ዴቪስ የሚባል የሎንዶን ወጣት የማጉያውን ስፒከር በምላጭ ሰነጠቀው፣ ድምፁንም በገዛ ፈቃዱ አበላሸው። መሐንዲሱን ያሳፈረው ነገር ለሙዚቀኛው ቋንቋ ሆነ።

የዲጂታሉ መሣሪያም የራሱ ብልሽት አለው። በሰከንድ 48,000 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ከ24,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቃና ሊይዝ ስለማይችል፣ ድምፁ በኃይል በተበላሸ ጊዜ ከዚያ በላይ የሚወለዱት ቃናዎች ወደ ታች ታጥፈው፣ ከተመታው ክር ጋር ዝምድና የሌለው እንግዳ ፉጨት ሆነው ይመለሳሉ። መሐንዲሶቹ ይህን እንደ ነውር ቆጥረው፣ የመለኪያውን ፍጥነት እጥፍ አድርገውና ማጣሪያ ጨምረው ያባርሩታል፤ ለዳምብል ምስል ታማኝ ለመሆን ከፈለጉም ማባረራቸው ትክክል ነው። እኔ ግን ይህ ሣጥን ከቅጂነት ወጥቶ የራሱ ባሕርይ ያለው የሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን ከሆነ፣ የሚሆነው በዚህ በሚያባርሩት ፉጨት በኩል ይመስለኛል፤ ያንን ማጣሪያ ሆን ብሎ የሚያጠፋ፣ የሰማውንም እንግዳ ቃና የሚወድ አንድ ልጅ ሲነሣ፣ የአሁኑ መሐንዲሶች ድምፁ ተበላሽቷል ብለው እንደሚቃወሙት አልጠራጠርም።