«አንብብልኝ»

የጤና መረጃ የሚያወጣ ድረ ገጽ ላይ «አንብብልኝ» የሚል ቁልፍ እንድጨምር ሥራ ተሰጠኝ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ሳይመሽ ጨረስኩት። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው፤ ብሮውዘሩ ጽሑፉን ይወስድና ባገኘው የአማርኛ ድምፅ ያነበዋል። ደንበኛው ወደደው፤ እኔም ኮራሁ።

ከዚያ አንድ ዐይነ ስውር ሰው ገጹን እንዲሞክርልን ጋበዝን። ቁልፉን ጭራሽ አልነካውም። ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ ኮምፒውተሩ ላይ አለው፤ የሚያዳምጠውም እኔ ልከተለው በማልችለው ፍጥነት ነው። የተቸገረው ሌላ ቦታ ነበር፦ የቀጠሮ ፎርሙ ላይ ያሉት ሣጥኖች ስም ስላልሰጠኋቸው የቱ ላይ ምን እንደሚሞላ ማወቅ አልቻለም። «ወንድሜ፣ የሚያነብልኝ አለኝ። ይልቅ ይቺን ሣጥን ስም ስጣት» አለኝ። አፈርኩ። ሰውየውን ሳልጠይቅ ለሰውየው ሠርቼ ነበር።

ታዲያ ቁልፉ ለማን ነው? ለአያቴ ነው መሰለኝ። ዐይኗ ደህና ነው፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። እሷ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ልጁ ይመታል» ብለን ስንጽፍ፣ «መ» ከላላች ልጁ መቺ ነው፤ «መ»ም «ታ»ም ከጠበቁ ደግሞ ተመቺ። «በዓሉ ገና ነው» የሚለውም እንደዚያው። የሚያነብ ሰው ሁለቱንም አይቶ ከዐውዱ ይመርጣል፤ ግራ ከገባውም ተመልሶ ያያል። አያቴ ግን የምትሰማው ማሽኑ የገመተውን አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላ እንደነበረ የሚነግራት የለም። እኔ የአክስቴን መልእክት ሳነብላት ስሳሳት «ቆይ ቆይ፣ እንደሱ አይደለም» እላለሁ። ማሽኑ «ቆይ» አይልም። ሲገምትም ሲያውቅም ድምፁ አንድ ነው። ለዚያውም ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ድምፆቹ «መቅደስ» እና «አምሃ» የሚል የሰው ስም አውጥቶላቸዋል፤ መቅደስን ማን ይጠረጥራል?

«ከቁልፉ ሥር ‹ማሽን ነው፤ ሊሳሳት ይችላል› እንበል» ብዬ ተከራከርኩ። ምርቱን ያሳንሳል ተባለ። በመጨረሻ የመድኃኒት አወሳሰዱን ገጽ አንዲት ነርስ በራሷ ድምፅ ቀዳችልን፤ ሌላው ያለ ማሳሰቢያ በማሽን ቀረ። ተስማማሁ። መስማማት አልነበረብኝም።

ባለፈው እሑድ ገጹን ለአያቴ ከፈትኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለችኝ። የማንም እንዳልሆነች፣ ማሽን እንደሆነች፣ እንደምትሳሳትም ነገርኳት። «ምቀኛ! እንዲህ አጥርታ እያነበበች?» አለችና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።